የጂኦስፓሻል ትምህርትና የሙያ ዕድገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የጂኦስፓሻል (ከመሬት ላይ ቦታ ጋር የተያያዘ መረጃ) ሙያዎችን፣ ማለትም ጂአይኤስ፣ ሪሞት ሴንሲንግ ወይም ቅየሳን ለመማር ለሚያስቡ፣ ተምረው ሥራ ለሚፈልጉ፣ እንዲሁም በመሬት ቢሮ፣ በመንገድና በውሃ ሥራ፣ በግብርና ወይም በእርዳታ ድርጅት ውስጥ እየሠሩ ዕውቀታቸውን ማሳደግ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው የኢትዮጵያን ሁኔታ ይዘው የተጻፉ ናቸው፤ ውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች የሚሆነው መጨረሻው ላይ ይገኛል።

ጂኦስፓሻል ሲባል የትኞቹን ሙያዎች ያጠቃልላል? የቱን ልምረጥ?

ቀያሽ በቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት መለኪያ)፣ በሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ) እና በጂፒኤስ መሣሪያ ነጥብ ይለካል። ውሎው ፀሐይ ላይ ነው፤ ስህተቱም በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር ይቆጠራል። የሪሞት ሴንሲንግ ባለሙያ ከሳተላይት፣ ከአውሮፕላን ወይም ከድሮን ምስል ላይ የመሬቱን ሁኔታ ያነባል። የጂአይኤስ ባለሙያ ከተለያየ ቦታ የመጣውን መረጃ በአንድ ዳታቤዝ አደራጅቶ ይተነትናል፣ ካርታ ያወጣል። የመሬት አስተዳደርና የካዳስተር (የይዞታ ወሰን ምዝገባ) ባለሙያ ደግሞ መለካት ብቻ አይበቃውም፤ ሕጉንም ማወቅ አለበት። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006ን ያላነበበ ሰው የከተማ ካዳስተር ሥራ ላይ ብዙ አይራመድም።

ምርጫው በዕለት ውሎዎ ይወሰን። ሜዳ መዋልና ሒሳብ የሚወድ ሰው ቅየሳ ይመቸዋል፤ ስለ ሰብል፣ ስለ ደን፣ ስለ ጎርፍ ማወቅ የሚፈልግ ወደ ሪሞት ሴንሲንግ ያዘነብላል። አራቱም የሚገናኙት ግን ኮኦርዲኔት (የነጥብ ቦታ በቁጥር) ላይ ነው። ነጥቡ በየትኛው ዳተም (የኮኦርዲኔቱ መነሻ የሆነ የምድር ሞዴል) እና በየትኛው ዞን (የካርታ ሥርዓቱ ክፍል) እንደተለካ የማያውቅ ሰው፣ የቱንም ሙያ ቢመርጥ ሥራው አይታመንም። ይህ ገጽ ደጋግሞ ወደዚሁ ጉዳይ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የት መማር ይቻላል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምድር ሳይንስና በጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሎቹ በኩል ሪሞት ሴንሲንግና ጂአይኤስ በድኅረ ምረቃ ያስተምራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው፤ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የጂኦኢንፎርሜሽንና የምድር ምልከታ ሳይንስ ኢንስቲትዩት አለው። የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ የከተማ መሬትና ካዳስተር ትምህርት ላይ ያተኩራል። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ተጠቃሏል፤ የአገሪቱን ቶፖግራፊ ካርታዎች፣ የአየር ፎቶዎችና የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ኮኦርዲኔት የሚጠይቁትም እዚያ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የኮርሱን ዝርዝር ይመልከቱ። ጂኦዲሲ (የምድርን ቅርጽና መጠን የመለካት ሳይንስ) እና የካርታ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ የማስፈር ዘዴ) ራሳቸውን ችለው ይሰጣሉ? ስታቲስቲክስ አለ? ቢያንስ አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ አለ? ለአንድ ቶታል ስቴሽን ስንት ተማሪ ይደርሰዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። 15 ተማሪ አንድ መሣሪያ ከከበበ፣ አብዛኛው ተማሪ ፕሪዝም (መሣሪያው የሚያነጣጥርበትን አንጸባራቂ) ይዞ ቆሞ ይመረቃል። ቀደም ብለው የተመረቁ ተማሪዎችን ፈልገው «ራስህ ስንት ጊዜ መሣሪያ አቁመሃል?» ብለው ይጠይቁ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለማስተርስ ደግሞ ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለትም ጋት ይጠየቃል።

ዲግሪ የለኝም። በቴክኒክና ሙያ በኩል መግባት ይቻላል?

አዎ። ቅየሳ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በደረጃ ይሰጣል፤ ሲጨርሱ የብቃት ምዘናውን ማለትም ሲኦሲ ይፈተናሉ። የመንገድና የሕንፃ ተቋራጮች ጥሩ የሜዳ ቀያሽ ሁልጊዜ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያ በፍጥነት አቁሞ፣ አስተካክሎ፣ ንባቡን ራሱ አረጋግጦ የሚያስረክብ ሰው ዲግሪ ካለው ግን ሜዳ ካላየ ሰው ይመረጣል። ችግሩ በኋላ ይመጣል፦ ስሌት ቢሮ ውስጥ በሌላ ሰው ስለሚሠራ፣ ለዓመታት ፋይል ብቻ እያስረከቡ የሚቀሩ አሉ። ትራቨርስ (ተያይዘው የተለኩ መስመሮች ሰንሰለት) ማስተካከልን በእጅና በኤክሴል ይለማመዱ፤ ከቀያሽ ረዳትነት ወደ ዋና ቀያሽነት የሚያሻግረው እሱ ነው።

የተመረቅኩት በግብርና፣ በጤና ወይም በአካውንቲንግ ነው። ዘግይቻለሁ?

አልዘገዩም፤ እንዲያውም ከሌላው የሚበልጡበት ነገር አለ። የአፈር ሳይንስ የሚያውቅ ሰው የሸርሸራ ሞዴል ሲሠራ ውጤቱ የማይመስል መሆኑን ወዲያው ያያል፤ ሶፍትዌር ብቻ የተማረው አያይም። የራስዎን መስክ አይጣሉ። የጤና ባለሙያ ከሆኑ የጤና ኬላ ተደራሽነትን፣ የአካውንቲንግ ሰው ከሆኑ የንብረትና የግብር መረጃን ካርታ ላይ ማዋል ይጀምሩ።

የትኛውን ሶፍትዌር ልማር? አርክ ጂአይኤስ ወይስ ኪውጂአይኤስ?

በኪውጂአይኤስ ይጀምሩ። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ የሚማሩት ጽንሰ ሐሳብም ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ሲያወርዱ ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን ዕትም ይምረጡ፤ አዲሱ ዕትም ላይ ፕለጊኖች አንዳንዴ አይሠሩም።

ብዙ መሥሪያ ቤት አርክ ጂአይኤስ ስለሚጠቀም እሱንም ማወቅ ይጠቅማል። መማር ያለብዎት ግን አርክ ጂአይኤስ ፕሮን እንጂ የቀድሞውን አርክማፕን አይደለም፤ አርክማፕ እ.ኤ.አ. በማርች 2026 ድጋፉ ተቋርጧል። አሁንም በአርክማፕ የሚያስተምር ማሠልጠኛ ካለ ገንዘብዎን አይስጡ። የተሰበረ ኮፒ መጫን በአገራችን የተለመደ ቢሆንም አንመክርም። ሕጋዊ ካለመሆኑም በላይ ማሻሻያ አይቀበልም፣ ከቫይረስ ጋር ይመጣል፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሲቀጠሩም በግል ኮምፒውተርዎ የሠሩትን ሥራ ማቅረብ አይችሉም።

ምን ዓይነት ላፕቶፕ ያስፈልጋል? ኢንተርኔቴስ ደካማ ቢሆን?

ለኪውጂአይኤስ 8 ጊጋባይት ራም ያስጀምራል፤ 16 ቢሆን ይሻላል። ከፕሮሰሰሩ በፊት ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ትልልቅ ምስል ሲከፈት ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ነው። የድሮን ፎቶ ማቀነባበር ከፈለጉ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፦ 32 ጊጋባይት ራምና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል።

አንድ የሴንቲኔል 2 (የአውሮፓ ሳተላይት) ምስል ከ100 በ100 ኪሎሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ይሸፍናል፤ ፋይሉ 1 ጊጋባይት አካባቢ ሊደርስ ይችላል። አንድ ቀበሌ ለማጥናት ያን ሁሉ በሞባይል ዳታ ማውረድ ብክነት ነው። ጎግል ኧርዝ ኢንጂን ለትምህርትና ንግድ ላልሆነ ምርምር በነጻ ይሰጣል፤ ስሌቱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ያልቅና የእርስዎ ቀበሌ ተቆርጦ በጥቂት ሜጋባይት ይወርዳል።

ከዜሮ ብጀምር በሦስት ወር ውስጥ ምን መሥራት አለብኝ?

ሥልጠና ከሥልጠና ላይ መደራረብ አያስኬድም። የሚያውቁትን አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የተወለዱበትን ወረዳ፣ ይምረጡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥሩበት።

በመጀመሪያው ወር የአስተዳደር ወሰን፣ መንገድና ወንዝ ይሰብስቡ። መንገዱና ወንዙ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ይገኛል። የክልል ወሰን ሲያወርዱ ዓመቱን ይመልከቱ፦ ዘጠኝ ክልል የሚያሳይ ፋይል አሁንም በየቦታው ይዞራል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ክልል ሆነዋል፤ በ2015 ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተለይተው ክልሎቹ 12 ሆነዋል። የድሮውን ወሰን በአዲሱ የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ላይ ካገጣጠሙ ብዙ ዞን ባዶ ይወጣል፣ ምክንያቱን ለማወቅም ቀን ይፈጃል።

በሁለተኛው ወር የ30 ሜትሩን ኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ አውርደው ተዳፋትና ተፋሰስ ያውጡ። ተዳፋት ከማስላትዎ በፊት ራስተሩን (በፒክስል የተሠራውን የከፍታ ፋይል) ወደ ዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር ወደሚለካው የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ይለውጡ። በዲግሪ ያለውን ፋይል እንዳለ ካሰሉት፣ ሶፍትዌሩ አግድሙን በዲግሪ፣ ቁመቱን በሜትር ስለሚወስድ አገሩ ሁሉ ወደ 90 ዲግሪ የተጠጋ ገደል ሆኖ ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ጊዜ የሚያየው ካርታ ነው።

ሦስተኛው ወር የሜዳ ነው። በስልክዎ ኪውፊልድ ወይም ኦዲኬ ጭነው ትምህርት ቤቶችን፣ የውሃ ቦኖዎችን ወይም ድልድዮችን ይመዝግቡ። የስልክ ጂፒኤስ በጥሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 10 ሜትር ይሳሳታል። ቦኖ ለማግኘት ይበቃል፤ 20 በ50 ሜትር የሆነ ይዞታ ለመለካት ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ስህተቱ የጎረቤትን አጥር ያልፋልና። በመጨረሻ ሚዛን፣ የሰሜን ምልክት፣ የኮኦርዲኔት ሥርዓት፣ የመረጃው ምንጭና ቀን ያለበት አንድ ካርታ በፒዲኤፍ ያውጡ።

ነጥቦቼ ከሳተላይት ምስሉ ጋር አይገጥሙም። ምን ተበላሸ?

የስህተቱ መጠን ራሱ ምክንያቱን ይናገራል።

ስህተቱ ወደ 200 ሜትር ገደማ ከሆነ የዳተም ጉዳይ ነው። የቆዩት የ1 ለ 50,000 ካርታዎችና ብዙ የመንገድና የግድብ ጥናቶች በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚሰጠው ግን ደብሊውጂኤስ 84 ነው። አዲስ አበባ አካባቢ ያው ነጥብ በሁለቱ የዩቲኤም ቁጥር ሲጻፍ ወደ ምሥራቅ በ90 ሜትር፣ ወደ ሰሜን በ200 ሜትር ገደማ ይለያያል። በዞን 37 የአዲንዳን መለያ ቁጥር ኢፒኤስጂ 20137 ሲሆን የደብሊውጂኤስ 84ቱ 32637 ነው። ለኢትዮጵያ የሚታወቁት፣ ከአዲንዳን ወደ ደብሊውጂኤስ 84 የሚወስዱት ሦስቱ የመለወጫ ቁጥሮች በኤክስ፣ በዋይና በዜድ አቅጣጫ በቅደም ተከተል 165 ሜትር ሲቀነስ፣ 11 ሜትር ሲቀነስና 206 ሜትር ሲደመር ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ጥቂት ሜትር ስህተት ይተዋሉ። ለካርታ ይበቃሉ፤ ለግንባታ ግን ቦታው ላይ በሁለቱም ሥርዓት የሚታወቁ ነጥቦች ለክተው የራስዎን መለወጫ ማውጣት አለብዎት።

ስህተቱ በመቶዎች ኪሎሜትር ከሆነ ዞኑ ተሳስቷል። ኢትዮጵያ በሦስት ዞን ላይ ተዘርግታለች። ጋምቤላና አሶሳ ዞን 36፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌና ሐዋሳ ዞን 37፣ ሐረርና ጅጅጋ ዞን 38 ናቸው። ድሬዳዋ የዞን 37 እና የዞን 38 ድንበር ከሆነው ከ42 ዲግሪው መስመር በስተምዕራብ ጥቂት ብቻ ስለምትርቅ ዞን 37 ውስጥ ትቀራለች። ስለዚህ ከድሬዳዋ ሐረር የሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ዞን ያቋርጣል፤ ሥራው ሲጀመር አንድ ዞን መርጦ ሁሉንም በሱ መያዝ ያስፈልጋል።

ነጥቦቹ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ካረፉ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ተቀያይረዋል፤ የአዲስ አበባ 9 እና 38.7 ሲገለበጥ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ለማስተካከል ሲሞከር የሚፈጠረው ነው። ኪውጂአይኤስ ላይ «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚለው ትእዛዝ የኮኦርዲኔት ሥርዓቱን ስም ብቻ ይቀይራል፤ ቁጥሮቹን አይነካም። ቁጥሩን የሚቀይረው «ሪፕሮጀክት ሌየር» ነው። የፋይሉ መለያ ጠፍቶ ወይም በስህተት ተጽፎ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ መለያው ትክክል ሆኖ ወደ ሌላ ሥርዓት መውሰድ ከፈለጉ ሁለተኛውን ይጠቀሙ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ትክክለኛውን ፋይል አበላሽቶ ያስቀምጣል፣ ከሱ በኋላ የሚመጣውም ሰው ምክንያቱን አያገኘውም።

የይዞታ ስፋት ስሌቴ ከሰነዱ ጋር ለምን አይመሳሰልም?

ብዙ ጊዜ ስፋቱ የተሰላው የጎግል ካርታዎች በሚጠቀሙበት ዌብ መርኬተር ላይ ስለሆነ ነው። ይህ ፕሮጀክሽን ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ስፋትን ያጋንናል፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 3 በመቶ፣ ባሕር ዳር ላይ ወደ 5 በመቶ፣ መቀሌ ላይ 6 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ካሳ የሚከፈልበት መሬት ላይ ይህ የሰው ገንዘብ ነው። ስፋትን ሁልጊዜ በዩቲኤም ወይም በኤሊፕሶይድ (የምድር ሒሳባዊ ቅርጽ) ላይ ያስሉ።

በአማርኛ የጻፍኩት መረጃ ጥያቄ ምልክት ወይም ሳጥን ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው?

ሼፕፋይል (የቆየው የጂአይኤስ ፋይል ዓይነት) ለግዕዝ ፊደል አልተሠራም። የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ 8 (የፊደል ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ3 ፊደል በላይ አይገባም። «የባለይዞታ ስም» ብለው የሰየሙት ዓምድ «የባለ» ሆኖ ይቀራል። በውስጡም የሚጻፈው ጽሑፍ 254 ባይት ላይ ይቆረጣል፤ ያ 84 ፊደል ነው። ጂኦፓኬጅ የሚባለውን አዲሱን የፋይል ዓይነት ይጠቀሙ፤ ይህ ችግር የለበትም። ከኤክሴል ሲያወጡ ደግሞ ተራውን ሲኤስቪ ትተው ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ይምረጡ።

ሌላው ቀን ነው። የሶፍትዌር የቀን ዓምድ ጳጉሜን አያውቅም፤ የካቲት 30ንም «ፌብሩዋሪ 30» አድርጎ ስለሚያነበው አይቀበልም። የፈረንጁን ቀን በቀን ዓምድ፣ የኢትዮጵያውን በጽሑፍ ዓምድ ለየብቻ ያስቀምጡ። የሜዳ ቅጽ ላይም «3 ሰዓት» የሚል ቁጥር ለአገራችን የሰዓት ቀጠና ከተሞላ የጂፒኤስ ሰዓት ጋር በስድስት ሰዓት እንደሚለያይ ለመዝጋቢዎቹ አስቀድመው ይንገሩ። የሰው ስም አጻጻፍም እንዲሁ፦ «ኃይሌ»፣ «ሀይሌ» እና «ሃይሌ» ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ይዞታን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ያገናኙ።

ቶታል ስቴሽንና አርቲኬ (እዚያው ሜዳ ላይ እየታረመ በሴንቲሜትር የሚለካ ጂፒኤስ) ስለማመድ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

የማይታዩት ስህተቶች ላይ ነው። መሣሪያው ካልተስተካከለ ይጮኻል፤ የሚከተሉት ግን ዝም ብለው ያልፋሉ።

የፕሪዝም ቋሚ ቁጥር አንዱ ነው። የላይካ ክብ ፕሪዝም በላይካ መሣሪያ ላይ ዜሮ ተብሎ ይገባል፤ በሌላ ፋብሪካ መሣሪያ ሲጠቀሙበት ግን 34.4 ሚሊሜትር ሲቀነስ ተብሎ መግባት አለበት። ከረሱት እያንዳንዱ ርቀት በ3.4 ሴንቲሜትር ይሳሳታል፣ ስህተቱም በሁሉም ላይ እኩል ስለሆነ በዓይን አይታይም።

የአየር ግፊትም አለ። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላው ለባሕር ጠለል ግፊት ነው፣ 1,013 ሄክቶፓስካል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግፊቱ ወደ 760 ይወርዳል። ሙቀቱንና ግፊቱን ካላስገቡ በ1 ኪሎሜትር ወደ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ስህተት ይገባል።

ሦስተኛው ከጂፒኤስ ጋር ሲደባለቅ የሚመጣው ነው። ዩቲኤም በዞኑ መካከለኛ መስመር ላይ ርቀትን በ0.9996 ያሳጥራል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ደግሞ የከፍታው ማሳጠሪያ 0.9996 ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ መሬት ላይ 1 ኪሎሜትር የሆነ ርቀት በዩቲኤም ኮኦርዲኔት 999.22 ሜትር ሆኖ ይገኛል፤ የ78 ሴንቲሜትር ልዩነት ማለት ነው። ይህን ያልተማረ ሰው በአርቲኬ የተተከሉትን ሁለት ነጥቦች በቶታል ስቴሽን ለክቶ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ቅንብሩ ላይ የተጠቀሰውን ማባዣ ማስገባት ነው የቀረው።

በአርቲኬ ሥራ ቤዙን (ቋሚውን ተቀባይ) የታወቀ ነጥብ ላይ ካቆሙ በኋላ ሥራ ሳይጀምሩ ሌላ የታወቀ ነጥብ ይለኩ። ካልገጠመ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው የአንቴና ቁመት ነው፤ በሰያፍ የተለካው በቀጥታ ተብሎ ገብቷል። መሣሪያው «ፍሎት» (ውጤቱ ገና አልጸናም) እያለ ነጥብ አይመዝግቡ፤ «ፊክስድ» (ጸንቷል) እስኪል ይጠብቁ። ወሳኝ ነጥቦችን ደግሞ ሳተላይቶቹ ቦታ ከቀየሩ በኋላ፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ተመልሰው ይለኩ። ጂፒኤስ የሚሰጠው ከፍታ ከኤሊፕሶይድ እንጂ ከባሕር ጠለል አለመሆኑንም አይርሱ፤ የቦይና የቱቦ ሥራ በሌቭል ከቤንችማርክ (ከፍታው ከታወቀ ነጥብ) መያያዝ አለበት። ለ4 ኪሎሜትር የሌቭል ዙር 24 ሚሊሜትር የመዝጊያ ስህተት የተለመደ ወሰን ነው፤ 12 ሚሊሜትር በርቀቱ ስኩዌር ሩት ተባዝቶ የሚገኝ ነው።

በሪሞት ሴንሲንግ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ገምጋሚዎች ምን ላይ ይይዙኛል?

በመጀመሪያ የምስሎቹ ወቅት። የኅዳርን ምስል ከሌላ ዓመት ሚያዝያ ጋር አወዳድረው «የእርሻ መሬት ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ የታጨደ ማሳና ባዶ መሬት አንድ ይመስላሉ። የሁለቱንም ዓመታት ምስል ከተመሳሳይ ወር ይውሰዱ። በክረምት ደመናው ስለማያሳይ ከሰኔ እስከ መስከረም የግድ ካስፈለገዎ፣ ለምሳሌ ለጎርፍ፣ ደመና የሚያልፈውን የሴንቲኔል 1 ራዳር ይጠቀሙ።

ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ጉዳይ ይመጣል። «የደን ሽፋን ጨመረ» የሚል ውጤት ደጋ ላይ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ የጨመረው የገበሬው ባሕር ዛፍ ነው። ለብቻው መደብ ይስጡት፤ ናሙናውንም ሜዳ ወርደው ይሰብስቡ። በጎጃምና በጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ለማጥናት ካሰቡ ደግሞ የፒክስሉን መጠን ያስቡ፦ 1 ሄክታር በላንድሳት (የአሜሪካ ሳተላይት) 11 ፒክስል፣ በሴንቲኔል 2 ግን 100 ፒክስል ነው። 11 ፒክስል ውስጥ ዳሩና መሐሉ አይለይም።

የዕፅዋት ኢንዴክስ ማለትም ኤንዲቪአይ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ስህተት አለ። በፕሮሰሲንግ ቤዝላይን (የማቀነባበሪያው ዕትም) 04.00 እና ከዚያ በኋላ የተዘጋጁ የሴንቲኔል 2 ምስሎች በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1,000 ተደምሮባቸዋል፤ ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው። ባንድ 8 (ኒር ኢንፍራሬድ) ላይ 4,000፣ ባንድ 4 (ቀይ) ላይ 1,500 ካነበቡና ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍለው እንዳለ ካሰሉ 0.45 ይወጣል። ሺውን ቀንሰው በ3,000 እና በ500 ካሰሉ 0.71 ነው። ያልታረመ አዲስ ምስል ከቆየው ጋር የሚያወዳድር ሰው ያልደረሰ ድርቅ ያገኛል። በኧርዝ ኢንጂን ላይ «ሃርሞናይዝድ» የሚለውን ስብስብ ከመረጡ ይህ ተስተካክሎ ይመጣል።

ለትክክለኛነት ምዘና ለእያንዳንዱ መደብ ቢያንስ 50 ነጥብ ይያዙ፤ ለማሠልጠኛ የተጠቀሙበትን ነጥብ መልሰው ለመመዘኛ አይጠቀሙ። አጠቃላይ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን መደብ ውጤት ያቅርቡ። 90 በመቶ ትክክል የተባለ ካርታ፣ ጥናቱ የተሠራለትን ረግረግ መሬት ግማሹን ስቶት ሊገኝ ይችላል።

ፕሮግራሚንግ የግድ ነው?

ለመጀመሪያ ቅጥር የግድ አይደለም፤ ለዕድገት ግን ነው። ያው ሥራ በ40 ወረዳ ላይ ሲደገም በእጅ የሚሠራና በፓይተን የሚሠራ ሰው ልዩነታቸው የሳምንት ነው። ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ይጀምሩ፣ ቀላል ስለሆነና የመሬት መረጃ ሁሉ በዳታቤዝ ስለሚቀመጥ። ከዚያ ፓይተንን፣ ጂኦፓንዳስና ራስተሪዮ ከሚባሉት የካርታ መረጃ ላይብረሪዎቹ ጋር።

ድሮን ገዝቼ ሥራ ልጀምር?

ፈቃዱ ይቅደም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፤ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ኢንሳንና ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። አየር ማረፊያ ላይ የተያዘ መሣሪያ ለማስለቀቅ መሞከር ከጥቅሙ ድካሙ ያይላል።

የሚታመን ነጻ ሥልጠና አለ?

የናሳ አርሴት ፕሮግራም በሪሞት ሴንሲንግ ላይ በነጻ ያሠለጥናል፤ የቀጥታ ክፍለ ጊዜውን ተከታትሎ የቤት ሥራውን ለጨረሰ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። የኪውጂአይኤስ የራሱ የሥልጠና መመሪያም በነጻ ይገኛል። ናይሮቢ ያለው አርሲኤምአርዲ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመ የቀጠናው የካርታ ማዕከል ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት፤ አጫጭር ሥልጠናዎቹን መከታተል ይገባል።

የውጭ ስኮላርሺፕ እንዴት ይገኛል?

ለዚህ መስክ በጣም የታወቀው የኔዘርላንዱ አይቲሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሥርቶ ዛሬ በኤንስኼዴ ከተማ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲ ነው። ከኤራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች ደግሞ ሙንስተር፣ ሊዝበንና ካስቴሎን በጋራ የሚሰጡት የጂኦስፓሻል ቴክኖሎጂ ማስተርስ፣ እንዲሁም በሳልዝቡርግ የሚጀምረው የዲጂታል ምድር ማስተርስ አሉ።

ብዙ አመልካች የሚወድቀው በቅደም ተከተል ነው። አይቲሲን በመሰሉ ተቋማት መጀመሪያ የመግቢያ ደብዳቤ ይገኛል፣ ስኮላርሺፑ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ደግሞ ከሁለቱም በፊት መድረስ አለበት። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማውጣት ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከማመልከቻው ቀነ ገደብ ስድስት ወር ቀድመው ይጀምሩ። በማነሳሻ ደብዳቤው ላይ «ጂአይኤስ እወዳለሁ» ከማለት ይልቅ አንድ የተለየ ችግር ይጻፉ፦ የትኛው ተፋሰስ፣ የትኛው መረጃ፣ ምን ጎደለው።

አሜሪካ ወይም ሳውዲ ነው ያለሁት። የኢትዮጵያ ዲግሪዬ ያገለግለኛል?

አሜሪካ ውስጥ ለጂአይኤስ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ዲግሪውን እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ተቋም አስመዝነው ማመልከት ይችላሉ። የአካባቢው አሠራር እንዲለመድ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የጂአይኤስ ሰርተፊኬት ጥሩ መግቢያ ነው፤ ብዙ ሰው በካውንቲና በውሃ መሥሪያ ቤት በቴክኒሺያንነት የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ጂአይኤስፒ የሚባለው የሙያ ምስክርነት አራት ዓመት የሥራ ልምድ፣ የሥራና የትምህርት ማስረጃ ግምገማ፣ ፈተናና የሥነ ምግባር ደንብ መቀበልን ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩበት ጊዜም በማስረጃ ሊቀርብ ስለሚችል ከአገር ሲወጡ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ዝርዝር ተግባሩን አስጽፈው ይያዙ። «በጂአይኤስ ባለሙያነት አገልግለዋል» የምትል አንድ መስመር አትበቃም።

ቅየሳ ግን ሌላ ነው። የይዞታ ወሰን ፈርሞ ለማውጣት የየግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መንገዱም ኤንሲኢኢኤስ (የአሜሪካ የኢንጂነሪንግና የቅየሳ ፈተና ምክር ቤት) የሚያዘጋጀውን የመሠረታዊ ቅየሳ ፈተና፣ ፈቃድ ባለው ቀያሽ ሥር ለዓመታት መሥራትን፣ ከዚያም የሙያ ፈተናውን ያልፋል። እስከዚያ በሜዳ ቡድን ውስጥ መሥራት ይቻላል። በድሮን ለክፍያ ለመሥራት የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ፓርት 107 ፈተና አለ፤ 60 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 በመቶ።

ሳውዲ ውስጥ በኢንጂነርነት ለመሥራት በሳውዲ የኢንጂነሮች ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል። በትራንስክሪፕቱና በዲፕሎማው ላይ ያለው ስምዎ በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በአንድ አጻጻፍ መሆኑን ከአገር ሳይወጡ ያረጋግጡ፤ የአያት ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ሲቀር ማስተካከያው ተመልሶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ድረስ ይወስዳል።